አንበሳ ዓሣን በጅቡቲ ቤት ውስጥ ማኖር

አንበሳ ዓሣ በቀይ ባሕር፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤና በሕንድ ውቅያኖስ የኮራል ሪፎች ላይ የሚኖር አዳኝ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ፕቴሮይስ ሚሌስ ሲሆን እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። የተዘረጉት የጎን ክንፎቹ ጌጥ ይምሰሉ እንጂ ሥራቸው ሌላ ነው፤ ትንንሽ ዓሦችንና ሽሪምፕን ወደ ጥግ የሚያስጠጋው በእነሱ ነው። የያዘውን ሳያኝክ ይውጣል። በአንድ ገንዳ አብሮት የሚኖር ዓሣ ሲመረጥም ዋናው መለኪያ ጠባይ ሳይሆን መጠን ነው፤ አፉ ውስጥ የሚገባ ሁሉ አንድ ሌሊት ይበላል።

ለአንድ ያደገ አንበሳ ዓሣ ቢያንስ 450 ሊትር ውሃ የሚይዝ ገንዳ ይመከራል። ከዚሁ ባሕር የሚወጣው ሜሩ (ግሩፐር) የሚባለው ዓሣ ግን ለቤት የሚሆን አይደለም፤ ትንሽ ሳለ ቢያምርም አንዳንዱ ዝርያ ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል።

ጅቡቲ ከተማ ላይ የጨው ውሃ ከደጅ ይገኛል። ሆኖም ከወደቡና ከዶራሌ የነዳጅ ማራገፊያ አካባቢ መቅዳት ዘይትና ቆሻሻ ወደ ቤት ማስገባት ነው፤ በጀልባ ራቅ ብሎ መቅዳት ይሻላል። ዓሣው ከመግባቱ በፊት ማጣሪያው ጥቂት የሽሪምፕ ቁራጭ ተጥሎበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሠራል። በዚህ ጊዜ የሚራቡት ባክቴሪያዎች መርዘኛውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ሥጋ በል ዓሣ ብዙ ስለሚያቆሽሽ ናይትሬቱ ቶሎ ይከማቻል፤ በዋናነት የሚወጣው ውሃው በከፊል ሲቀየር ነው።

ከባዱ ነገር ሙቀቱ ነው። በሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ስለ ማሞቂያ ያወራሉ፤ እዚህ የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ ነው። ለዓሣው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማዋል፤ በሞቃቱ ወቅት ግን የከተማዋ አየር ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በውሃው ገጽ ላይ የሚነፍስ ማራገቢያ ሙቀቱን ጥቂት ያወርዳል፣ የባሕሩ ዳርቻ አየር እርጥበት በበዛበት ሰሞን ግን እምብዛም አይረዳም። ውሃው ሲተን ጨው ስለማይተን በጎደለው ልክ የሚጨመረው የባሕር ውሃ ሳይሆን የተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው። ይህ ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያም ኤሌክትሪክ በመስመር ትቀበላለች፤ ቢሆንም መብራት በጠፋበት ከሰዓት በኋላ ሞቃት ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ቶሎ ይታፈናል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ውድ አይደለም፣ ዓሣውን ግን ያድናል።

አዲስ የተያዘ አንበሳ ዓሣ የማይንቀሳቀስ ምግብን ምግብ ብሎ አይቆጥርም። የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ቁራጭ በረጅም እንጨት ጫፍ እያንቀሳቀሱ ማለማመድ ያስፈልጋል። ካደገ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መመገብ ይበቃዋል። ሲለምን ማየት ያሳሳል፤ ከረሃብ ይልቅ የሚጎዳው ጥጋብ ነው፣ ጉበቱ ስብ ይይዛል። ወርቃማ ዓሣን አዘውትሮ ማብላትም ቫይታሚን ቢ1ን ያሳጣዋል።

ዓሣው ከተገኘበት ቦታ ሁሉ አይያዝም። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ያሉት የሙሻ ደሴት ዙሪያ ከ1972፣ ደቡብ ማስካሊ ደግሞ ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተጠበቁ ቦታዎች ናቸው። ባለቤቱ ሲሰለች መልሶ ባሕር ውስጥ መጣልም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። በፍሎሪዳ ዳርቻ በ1985 (እ.ኤ.አ.) የታየው የአንበሳ ዓሣ ወረራ መነሻው ከቤት ገንዳ የተለቀቁ ዓሦች እንደሆኑ ይታመናል።

አንበሳ ዓሣ በጀርባው 13፣ በሆዱ 2፣ ከፊንጢጣው አጠገብ 3፣ በጠቅላላው 18 መርዘኛ እሾህ አለው። ገንዳ ሲጸዳ እጁ የት እንዳለ ያላየ ሰው ይወጋል። መርዙ በሙቀት ስለሚበላሽ የተወጋው ቦታ ከ45 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይነከራል፤ የቆሰለው እጅ ስለሚደነዝዝ የውሃው ሙቀት በደህናው እጅ ይለካል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊት ካበጠ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።