የ7518 ትርፎች

ጎብዬ ላይ ለፋሲካ ገበያ በግ የሚያደልብ ሰው ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። ጥምቀት ጥር 11 ናት፣ አትነቃነቅም፤ ፋሲካ ግን በየዓመቱ ቦታ ትቀይራለች። ባሕረ ሐሳብ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት የተማረ መምህር ቀኑን ለማግኘት የሚነሣው ከአንድ ትልቅ ቁጥር ነው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ በሚቆጠረው 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን፣ ለምሳሌ 2018ን፣ ሲደምር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል።

7518 የ2፣ የ3፣ የ7 እና የ179 ብዜት ነው። የቀደመውን ዓመት 7517ን ደግሞ ከ1ና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው ቁጥር የለም። ሒሳብ ወዳድ እዚህ ላይ ይደሰት ይሆናል፤ ለባሕረ ሐሳብ ግን ጉዳዩም አይደለም። እሱ የሚፈልገው ትርፉን ነው።

ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል፣ እሱም አይጣልም። ዓመት በ7 ቀን ሲመደብ አንድ ቀን ይተርፋል፤ በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስትሆን ሌላ አንድ ቀን ይጨመራል። ስለዚህ 7518 እና 1879 ተደምረው፣ 9397 ለ7 ሲገደፍ 3 ይቀራል። ማክሰኞን 1 ብለን ስንቆጥር 3 ሐሙስ ነው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የዋለውም ሐሙስ ነው።

ጨረቃ ትንሽ ታስቸግራለች። 12 የጨረቃ ወራት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያንሳሉ፤ ሁለቱ የሚታረቁት በ19 ዓመት ነው። 7518 ለ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ተነሥቶለት ወንበሩ፣ ማለትም በ19 ዓመቱ ዙር ያለው ተራ፣ 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ የጨረቃው ትርፍ፣ አበቅቴው፣ 12፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሁልጊዜ 30 ይሞላሉ። እርቁ ግን ጥቂት ይጎድለዋል፦ በመጨረሻው ወንበር አበቅቴው 18 ነው፣ 11 ሲጨመርበት 29 እንጂ 30 አይሆንም። ሊቃውንቱ ያንን አንድ ቀን አስዘልለው ቆጠራውን እንደ አዲስ ይጀምራሉ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ዝላይ ነው፤ ስሌቱ የሰማዩን እንቢታ ሳይደብቅ ቦታ ሰጥቶታል።

መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ የሚውለው መስከረም 18 ነው፣ እሑድ። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ተጨማሪ ቁጥሯ፣ 7 ነው፤ 18 እና 7 ተደምረው መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል። በዚሁ ቁጥር የነነዌ ጾም ጥር 25 ሰኞ ይገባል፤ ከዚያ በ69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ ነው።

የዕለትና የጳጉሜን ዙር 28 ዓመት፣ የጨረቃው 19 ነው። ሁለቱን የሚያካፍል የጋራ ቁጥር ከ1 በቀር ስለሌለ እኩል የሚገጥሙት በብዜታቸው፣ በ532 ዓመት ብቻ ነው። ይህ ዐውደ ቀመር ነው። ከ2018 ላይ 532 ሲቀነስ 1486 ይመጣል፤ ዐፄ እስክንድር በነገሡበት በዚያ ዘመንም መስከረም 1 ሐሙስ፣ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ነበር። ቀጣዩ 2550 ነው።