መስታወቱ ላይ የማይንቀሳቀሰው ነጥብ

ሰማዩ በጠራበት ቀን ትንሽ አውሮፕላን የሚያበር ሰው ከሌላ ጋር እንዳይጋጭ ከሁሉ በላይ የሚተማመነው በዓይኑ ነው። የዓይን በረራ ደንቡ አጭር ነው። ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ፤ መንገዳቸው ከተጠላለፈ ቅድሚያው በቀኝ በኩል ላለው ነው። በአሜሪካ ሁለት አውሮፕላኖች ከ500 ጫማ፣ ማለትም ከ150 ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት ከተላለፉ ከግጭት ለጥቂት እንደተረፉ ይቆጠራል።

ችግሩ ግን ማየቱ ላይ ነው። ዓይናችን ቶሎ የሚይዘው የሚንቀሳቀሰውን ነው። ሁለት አውሮፕላኖች ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን ሳይለውጡ ወደ አንድ ቦታ ሲያመሩ ደግሞ አንዱ በሌላው መስታወት ላይ ወዲያም ወዲህም አይልም። ባለበት እንደቆመ ለረጅም ጊዜ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይቆይና በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች በድንገት ይገዝፋል። መስታወቱን አቋርጦ የሚሮጠው ያልፋል፤ ሊያስፈራ የሚገባው የቆመው ነው።

ጊዜውም የለም። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበሩ ሁለት አውሮፕላኖች ፊት ለፊት ሲመጡ በየሰከንዱ ከ110 ሜትር በላይ ይቀራረባሉ። አብራሪው ነገሩን አይቶ፣ አውሮፕላን መሆኑን ለይቶ፣ ሊጋጩ መሆኑን ተረድቶ፣ መሪውን አዙሮ አውሮፕላኑ እስኪታዘዝለት 12.5 ሰከንድ ያህል እንደሚፈጅ የአሜሪካ የአቪዬሽን መመሪያ ያሰላል። በዚህ መሀል 1.4 ኪሎ ሜትር ያልቃል። የሴስና 172 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ነው፤ ከዚያ ርቀት ፊት ለፊት ቢታይ ከቀጭን ጭረት አይበልጥም።

አውሮፕላኑ ራሱም ይጋርዳል። ክንፉ ከላይ የሆነ ወደ ላይ፣ ከታች የሆነ ወደ ታች በደንብ አያሳይም፤ ሁለቱ ለማረፍ ተደራርበው ሲወርዱ አንዱም ሌላውን ላያይ ይችላል።

ሜይ 13 ቀን 2019 በአላስካ፣ ኬቺካን አቅራቢያ፣ የመርከብ ጎብኚዎችን የያዙ ሁለት ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች በቀን ብርሃን ተጋጭተው 6 ሰዎች ሞቱ፤ 10 ተረፉ። የአንደኛውን አብራሪ እይታ ከግጭቱ በፊት በነበሩት 11 ሰከንዶች የመስኮቱ ቋሚ ጋርዶት ነበር፤ የሌላውን ደግሞ የአውሮፕላኑ አካልና በቀኝ ወንበር የተቀመጠው መንገደኛ። በአካባቢው ያሉ አውሮፕላኖችን የሚያሳይ መሣሪያ ሁለቱም ነበራቸው፤ የአንዱም መሣሪያ ግን አላስጠነቀቀም። እንዲህ ያለውን አደጋ በአብራሪዎች ቸልተኝነት ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። መርማሪዎቹም ጣታቸውን የቀሰሩት በማየት ብቻ የመተማመን ዘዴው ባለበት ጉድለትና በማስጠንቀቂያው አለመኖር ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ ለሌለው አብራሪ የቀረው ልማድ ነው፦ ሰማዩን በ10 ዲግሪ ቆራርጦ በእያንዳንዱ ላይ ቢያንስ 1 ሰከንድ ዓይንን ማሳረፍ፣ ቋሚው የሚሸፍነውን ለማየትም አንገትን ሰገግ ማድረግ።