ለሞላ ጀልባ የሚሆን ፕሮፔለር

ፖቶማክ ወንዝ ላይ ጀልባ ያለው የሲልቨር ስፕሪንግ ወይም የአሌክሳንድሪያ ሐበሻ ብቻውን አይወጣም። ዘመድ ይጫናል፣ ምግብና መጠጥ ይጫናል፤ ልጆቹም ከኋላ በተነፋ ጎማ ካልተጎተትን ይላሉ። ጀልባው አፍንጫውን ሽቅብ ቀስሮ አልፈጥንም ሲል የሚታማው ሞተሩ ነው። ሞተር ከመለወጥ በፊት ግን በጥቂት መቶ ዶላር የሚገዛውን ፕሮፔለር ማየት ይሻላል።

ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ 14 በ19 እንበል። 14ቱ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት በኢንች ነው። 19ኙ ፒች ይባላል፦ ፕሮፔለሩ ምንም ሳይንሸራተት አንድ ዙር ቢዞር ወደፊት የሚሄደው ርቀት፣ 48 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሞተሩ በደቂቃ 5,500 ዙር ቢዞርና ማርሹ ይህን በግማሽ ቢቀንሰው፣ በስሌት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ውሃ ግን ስለሚያንሸራትት ከመቶ 10 እስከ 20 ይቀነሳል።

ትልቅ ፒች ለባዶ ጀልባ ፍጥነት ይሰጣል፤ ጭነት ሲበዛ ሞተሩን ያፍነዋል። የዓባይ በረሃን አቀበት በከባድ ማርሽ ልውጣ እንደሚል አይሱዙ መሆኑ ነው። ፒቹ በ1 ኢንች ሲያንስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ስለዚህ ሰውም ዕቃም እንደ ልማዱ ተጭኖ፣ ገላጣ ውሃ ላይ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተሰጥቶ ዙር ቆጣሪው ይታይ። መመሪያው ከ5,000 እስከ 6,000 እያለ መርፌው 4,600 ላይ ከቀረ፣ በ3 ኢንች ያህል ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። በባዶው ጊዜ ዙሩ ከጣሪያው እንዳያልፍም ይፈተሽ።

ለሚጎትት ሰው እኔ የምመርጠው ባለአራት ክንፉን ነው። ከባለሦስቱ ትንሽ ፍጥነት ቢያጎድልም ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፣ በዝግታም ጀልባውን ከውሃው በላይ አንሳፎ ያቆያል። የማይዝግ ብረቱ ጠንካራና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አሌክሳንድሪያ ፊት ለፊት ውሃው በየቦታው ጥልቀት የለውም፣ በበጋ ሣር ይበዛበታል፣ ከዝናብ በኋላ ግንድ ይንሳፈፍበታል። አልሙኒየም ሲመታ ይታጠፋል፣ ጉዳቱም በአብዛኛው እሱው ላይ ይቀራል። ብረቱ ምቱን ወደ ማርሹ ሊያሳልፍ ይችላል፤ የማርሽ ጥገና ደግሞ ውድ ነው። አሮጌውን ፕሮፔለር ከነመፍቻው ጀልባው ውስጥ ማስቀመጥም አይከፋም።

የአሜሪካ ባሕር ኃይልም የመርከብ ፕሮፔለሮቹን የሚፈትነው ከዚሁ አካባቢ፣ ካርደሮክ ባለው የዴቪድ ቴይለር የሙከራ ገንዳ ነው። እዚያ የመርከብ አምሳያ ይጎተታል፤ እዚህ ልጅ ነው የሚጎተተው። ስለዚህ የተጎተተው ተመልሶ ሲሳፈር ሞተሩን ገለልተኛ ላይ ማድረግ አይበቃም፤ ሞተሩ ራሱ ይጥፋ።