ቲ ትሪ ዘይትና ቀሲል፦ ለፊታችን የትኛው ምን ይሠራል?

ቡጉር ያስቸገረው ሰው ምክር አያጣም። አንዱ «ቲ ትሪ ዘይት ግዛ» ይለዋል። ሌላዋ «ቀሲል እያለልህ ምን አስወጣህ?» ትለዋለች። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ቀሲል ፊት የሚታጠቡበት ነው። ቲ ትሪ ዘይት ደግሞ በጠብታ ተለክቶ፣ በሌላ ዘይት ቀጥኖ፣ ቡጉሩን ብቻ የሚቀቡት ነው። ይህን የለየ ሰው ገንዘቡንም ቆዳውንም ያተርፋል። በሐርላ መንደርም ሆነ በድሬዳዋ ከተማ ለምትኖሩ፣ ሁለቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

ቡጉር እንዴት ይወጣል?

ከቆዳችን ሥር ወዝ የሚያመነጩ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ወዙ በፀጉር ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ይወጣና ቆዳን ያለሰልሳል። ቀዳዳው በሞተ ቆዳና በወዝ ሲደፈን ግን ወዙ እዚያው ይታቆራል። ቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በታቆረው ወዝ ውስጥ ይራባሉ። ቦታው ያብጣል፣ ያማል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል።

የድሬዳዋ ሙቀትና ላብ ነገሩን ያባብሰዋል። ወፍራም ቅባት መቀባትም እንዲሁ። ቡጉሩን ማፍረጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ቲ ትሪ ዘይት ምንድን ነው?

በምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ከሚበቅል ዛፍ የሚወጣ ዘይት ነው። ዛፉ ሜላሉካ ይባላል። እኛ አፍልተን ከምንጠጣው የሻይ ቅጠል ጋር ዝምድና የለውም። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ቡንጃሉንጎች ቅጠሉን ጨፍልቀው ቁስል ላይ ያደርጉት ነበር። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አርተር ፔንፎልድ የተባሉ የሲድኒ ኬሚስት ዘይቱ ጀርም እንደሚገድል በሙከራ አሳዩ።

ዘይቱ የሚወጣው በእንፋሎት ነው። የፈላ ውኃ እንፋሎት በቅጠሉ መሐል ያልፋል፤ ዘይቱንም ይዞ ይወጣል። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውኃው ላይ ይንሳፈፍና ይቀዳል። ከ100 ኪሎ ቅጠል የሚገኘው 1 ወይም 2 ኪሎ ያህል ዘይት ነው። ስለዚህ በትንሽ ብልቃጥ ይሸጣል፤ ኃይሉም ብርቱ ነው።

በእርግጥ ይሠራል?

ለቀላልና ለመካከለኛ ቡጉር፣ አዎ ይሠራል። በ1990 (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ በ124 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ግማሾቹ 5 በመቶ ቲ ትሪ ያለበት ቅባት ተቀቡ። ግማሾቹ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባለውን የታወቀ የቡጉር መድኃኒት ተቀቡ። ሁለቱም ቡጉሩን ቀነሱት። ቲ ትሪው ዘገም ያለ ነበር፤ ነገር ግን ቆዳን የማድረቅና የማቃጠል ችግሩ አነስ ብሎ ታይቷል።

ዋናውን ሥራ የሚሠራው ተርፒነን-4-ኦል የሚባል በዘይቱ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው። የባክቴሪያውን ሽፋን ይሰብራል፤ እብጠቱንም ያበርዳል። ልብ በሉ፣ ጥናቱ የተደረገው በ5 በመቶ ነው። ከብልቃጡ በቀጥታ የሚቀባ ሰው ጥናቱ ከተጠቀመው 20 እጥፍ ይቀባል። ይህ ፈውሱን አያፈጥነውም፤ ቆዳን ያቃጥላል እንጂ።

እንዴት ይቀጥናል?

በውኃ አይሆንም፤ ዘይትና ውኃ አይዋሃዱም። ለቡጉራም ፊት ቀለል ያለው የሱፍ ዘይት ይስማማል። የኮኮናት ዘይት ቀዳዳ ስለሚደፍን ለዚህ አይሆንም።

አንድ የሻይ ማንኪያ የሱፍ ዘይት 5 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 5 ጠብታ ቲ ትሪ ስትጨምሩበት 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ በ2 ጠብታ ጀምሩ። ድብልቁን ክዳን ባላት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አኑሩት።

ከመቀባት በፊት ምን ይደረግ?

በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀቡና 48 ሰዓት ጠብቁ። ቢያሳክክ፣ ቢያብጥ ወይም ሽፍታ ቢወጣ ሰውነታችሁ አልተስማማውም ማለት ነው፤ ተዉት። ምንም ካልሆነ ፊታችሁን ታጠቡ፣ አድርቁ፣ በንጹሕ የጆሮ ጥጥ ቡጉሩን ብቻ ንኩ። ጠዋትና ማታ ይበቃል። ለውጡን ለማየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ታገሡ። ዓይንና ከንፈር አጠገብ አትቀቡ።

ቀሲልስ?

ቀሲል በአማርኛ ቁርቁራ፣ በሶማልኛ ጎብ ከሚባለው ዛፍ ቅጠል ይዘጋጃል። ቅጠሉ ደርቆ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ አረንጓዴ ዱቄት ይሆናል። የሶማሌ፣ የሐረሪና የድሬዳዋ ሴቶች ፊታቸውንም ፀጉራቸውንም ሲታጠቡበት ኖረዋል።

ቀሲል አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ የተፈጥሮ ሳሙና በውስጡ ስላለ ነው። ሳፖኒኑ ወዙንና አቧራውን ይዞ በውኃ ይወርዳል። ቀዳዳ የሚደፍነውን ነገር ስለሚያነሣ ለወዛም ፊት ይጠቅማል። ያበጠ ቡጉርን የሚያድን መድኃኒት ግን አይደለም።

ሁለት የሻይ ማንኪያ ዱቄት በውኃ አቡክታችሁ ቀቡት። 10 ደቂቃ ያህል አቆዩት። ደርቆ ሳይሰነጣጠቅ ታጠቡት፤ ከደረቀ ቆዳውንም ያደርቃል። ያበጠውን ቦታ አትሹት። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ቲ ትሪውን መቀባት ያለባችሁ ከታጠባችሁ በኋላ ነው፤ ከቀሲሉ ጋር አታቡኩት።

ስትገዙ ምን ትመረምራላችሁ?

የሐርላ ሰው የሩቅ አገር ዕቃ መገበያየት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል በሐርላ የመሩት ቁፋሮ ውጤት ይፋ ሆኖ ነበር። በቁፋሮው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ጌጣጌጥ ይሠራበት የነበረ ቦታ፣ ዶቃና ከቻይና ድረስ የመጣ የሸክላ ዕቃ ተገኝቷል። እነዚያ ነጋዴዎች ከሩቅ የመጣን ዕቃ ሳይመረምሩ ዋጋ ይከፍሉ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። እኛም እንዲሁ እናድርግ።

የቲ ትሪው ብልቃጥ ጠቆር ያለ መስታወት ይሁን። የዛፉ ስም፣ የተመረተበት አገርና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበት እዩ። «100 በመቶ» የሚል ከሆነ መቅጠን አለበት ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የጥራት መለኪያ ከ35 እስከ 48 በመቶ ተርፒነን-4-ኦል እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ካለበት አስተያዩት።

ቀሲልን ከቀፊራ ወይም ከሌላ ገበያ ስትገዙ ከተቻለ ደረቁን ቅጠል ገዝታችሁ ቤት ውቀጡት። የተፈጨውን የምትገዙ ከሆነ በጣታችሁ አሹት፤ አሸዋ አሸዋ የሚል አይሁን። በውኃ ስትመቱት አረፋ ካላወጣ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ስንት ያስወጣል?

ቲ ትሪ ሲያዩት ውድ ነው፤ ሲያሰሉት ግን ይቀላል። 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 200 ጠብታ ያህል ይወጣዋል። በየድብልቁ 5 ጠብታ ካደረጋችሁ 40 ድብልቅ ይሆናል። አንዱ ድብልቅ ለሦስት ቀን ቢበቃ፣ ብልቃጡ ለ120 ቀን ይደርሳል። የተጠየቃችሁትን ዋጋ ለ120 አካፍሉት፤ የቀን ወጪያችሁ ያ ነው። የቡጉር መድኃኒት ዋጋ ከፋርማሲ ጠይቃችሁ አስተያዩት። ርካሹን መምረጥ ነውር የለውም፤ ሁለቱም ይሠራሉ።

ዘይቱ ሲበላሽ ግን ወጪው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ብርሃን፣ አየርና ሙቀት ዘይቱን ይለውጡታል፤ የተለወጠ ዘይት ደግሞ አለርጂ ያስነሣል። በድሬዳዋ ቀን የጋለ ቆርቆሮ ሥር ወይም መስኮት ላይ አታስቀምጡት። ፍሪጅ ካለ እዚያ፣ ከሌለ ከቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ይሁን። ክዳኑን ወዲያው ግጠሙ። ከተከፈተ አንድ ዓመት ያለፈውን ጣሉት።

የሚያስፈራ ነገር አለው?

አለው። ቲ ትሪ ዘይት ቢጠጣ መርዝ ነው። ትንሽ የጠጣ ሕፃን ሊደነዝዝ፣ መቆም ሊያቅተውና ራሱን ሊስት ይችላል። ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡት። ልጅ ከጠጣ እንዲያስታውክ ለማድረግ አትሞክሩ፤ ብልቃጡን ይዛችሁ ወደ ሕክምና ሩጡ። ለድመትና ለውሻም አደገኛ ነው።

መቼ ሐኪም ጋ እንሂድ?

ቡጉሩ ትልልቅ፣ ሥር የሰደደና የሚያም ከሆነ፣ ወይም በሦስት ወር ካልተሻለው ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ቆዳን ባንዴ የሚያቀሉ፣ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ያለባቸውን ክሬሞች በራሳችሁ አትጀምሩ። ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፤ ቡጉሩንም መልሶ ያበዛዋል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል።

አንድ ምልክት ደግሞ ፈጽሞ በዘይትም በቀሲልም አይሞከርም። ቆዳችሁ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ካለ በቶሎ ታዩ። የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ በጊዜ ከተጀመረም የአካል ጉዳት ሳያደርስ ይድናል።

ወዝ ብቻ ላስቸገረው ቀሲል ይበቃዋል፤ ዘይት መግዛት አያስፈልገውም። ቡጉር ያለበት የቀጠነውን ዘይት ይጨምርበት። ከዚያ በላይ ለሆነው ግን ቦታው ጤና ጣቢያ ነው።