ስለ ቤት ውሻ አያያዝና ጤና አጠባበቅ

ውሻ የገበሬ ቤት የሌሊት ዘበኛ ነው። በፎገራ ሜዳ፣ በቁሐር ሚካኤልም ሆነ በአካባቢው ቀበሌዎች፣ ጅብ ወደ በረት ሲቀርብ ወይም ሌባ ወደ ሩዝ ክምር ሲጠጋ አስቀድሞ የሚነቃው እርሱ ነው። ዳሩ ግን ላምና በሬ ሲከተቡ ብዙ ጊዜ ውሻው ይረሳል፤ ከታረደውም ሰው የማይበላው በጥሬው ይወረወርለታል። ከእነዚህ ከሁለቱ ልማዶች የሚመጣው ጉዳት በውሻው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ቤተሰብና ወደ ከብት ይተላለፋል። ስለዚህ አያያዙን ከዚህ እንደሚከተለው እናስረዳለን።

1ኛ፤ ስለ ምግብ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ያልተመገበ ውሻ ቤት አይጠብቅም፤ ጥንብ ፍለጋ ሲዞር ያድራል፤ በሽታንም ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ትርፍ እንጀራ ወይም የተቀቀለ ሩዝ ይሰጠው። ከዚህም ጋራ አጓት፣ አሬራ ወይም የተቀቀለ ሥጋ ቢጨመርለት ይበረታል። በጾም ወራት ሥጋ ስለማይገኝ አጓቱን ለእርሱ መተው መልካም ነው። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ግን የውሻን ደም ይጎዳልና አይሰጠው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር እንደ እሾኽ ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ንጹሕ ውሃ ዘወትር አይታጣበት።

2ኛ፤ ስለ ማደሪያ። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ስለዚህ የውሻው ማደሪያ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ክዳን ያለውና ደረቅ ጭድ የተነጠፈበት ይሁን። ጭዱን በየሳምንቱ መለወጥና አሮጌውን ማቃጠል ቁንጫን ይቀንሳል። በጎተራ አጠገብ የአይጥ መርዝ የሚያኖር ሰው ውሻና ሕፃን በማይደርሱበት ስፍራ ያድርገው።

3ኛ፤ ስለ ትል። ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ቅርጫ ሲታረድ በከብቱ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚታይበት ጊዜ አለ። በከረጢቱ ውስጥ የትል እጭ ይገኛል። ውሻ ይህን በጥሬው ሲበላ እጩ በአንጀቱ ውስጥ አድጎ ትል ይሆናል፤ የትሉም እንቁላል ከኩሱ ጋራ ይወጣል። እንቁላሉ በሣር ላይ ሲወድቅ ከብትና በግ ይግጡታል፤ ከውሻ ጋራ የሚጫወት ልጅም እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይውጠዋል። ያን ጊዜ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያድጋል፤ እርሱንም ለማውጣት ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። መከላከያው ቀላል ነው። ከረጢት የታየበትን ሥጋ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፤ ደኅና የሚመስለውንም ሳንባና ጉበት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅሎ መስጠት ነው። እንዲሁም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ መስጠት ይገባል።

4ኛ፤ ስለ እብደት በሽታ። ይህ ከሁሉ የሚከፋው ነው። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። በሽታው በታመመ ውሻ ምራቅ ውስጥ ይኖራል፤ በንክሻም ይተላለፋል። የታመመ ውሻ ጠባዩ ይለወጣል፤ ያለ ምክንያት ይናከሳል፤ ልጋጉ ይዝረከረካል፤ ምግብና ውሃ መዋጥ ያቅተዋል። አንዳንዱ ግን ዝም ብሎ በጨለማ ስፍራ ይሸሸጋልና ዝምታው አያታልል። ውሻን ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቦ በየዓመቱ ማስደገም ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ውሻ ሰውን የነከሰ እንደ ሆነ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፤ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ምልክቱ ሳይታይበት ከትቦ ልጁ ከሞት ተርፏል። ዛሬም የሚያድነው ይኸው መቅደም ነው። ጠበልም ሆነ የአገር መድኃኒት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ክትባቱን ይጀምር፤ የጀመረውንም እስከ መጨረሻው ይከታተል። የነከሰውን ውሻ ያለ አደጋ ማሰር ከተቻለ አሥር ቀን ይጠበቅ፤ የተነከሰው ሰው ግን ያን ቀን መጠበቅ የለበትም።

የልማት ሠራተኞችም በየጎጡ ያሉትን ውሾች ቆጥረው ከብት በሚከተብበት ቀን ውሾቹም እንዲመጡ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋራ ይስማሙ። ከ100 ውሾች 70ዎቹ በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው የሚዛመትበትን መንገድ ያጣል። ውሾችን መግደል ብቻውን አይበጅም፤ በሞቱት ስፍራ ያልተከተቡ ሌሎች ይተካሉና። የአንድ ገበሬ ውሻ ተከትቦ የጎረቤቱ ቢቀር የሁለቱም ልጆች ከአደጋ አልወጡም። ስለዚህ የክትባቱ ቀን ሲነገር ውሻውን በገመድ አስሮ የሚመጣ ገበሬ የጎረቤቱንም ይቀስቅስ።