ላክ ሪፕሬሰር

ላክ ሪፕሬሰር በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ የሚገኝ፣ የወተት ስኳርን (ላክቶስን) ለመጠቀም የሚያስፈልጉ ጂኖች ያለጊዜያቸው እንዳይሠሩ የሚያግድ ፕሮቲን ነው። ሪፕሬሰር ማለት ገቺ ማለት ነው። በባክቴሪያዎች ዘንድ ገቺ ፕሮቲኖች ብዙ ናቸው፤ በሰፊው ከተጠኑት አንዱ ይህ ነው።

ኢ. ኮላይ በአንጀት ውስጥ ሲኖር ላክቶስ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። ፕሮቲን መሥራት ደግሞ ብዙ ኃይል ይፈጃል። ላክቶስ ሳይኖር ኢንዛይሙን በብዛት የሚያመርት ባክቴሪያ ከጎረቤቶቹ ዘግይቶ ይራባል።

የላክቶስ ጂኖች ሦስት ሲሆኑ ጎን ለጎን ተደርድረው በአንድነት ይነበባሉ። ከነዚህ ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ አንዱ ላክቶስን ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ የሚሰነጥቀውን ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ፣ ሌላው ላክቶስን ወደ ሕዋሱ የሚያስገባውን ፐርሚዬዝ ያስገኛሉ። ንባቡ ከሚጀመርበት ቦታ አጠገብ ኦፕሬተር የሚባል አጭር የዲኤንኤ ክፍል አለ። ሪፕሬሰሩ እዚያ ላይ ሲጣበቅ አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ ሥራውን መጀመር አይችልም።

ላክቶስ ሲገባ ጥቂቱ ወደ አሎላክቶስ ይለወጣል። አሎላክቶስ ሪፕሬሰሩ ላይ ሲያርፍ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይለወጥና ኦፕሬተሩን ይለቃል፤ ጂኖቹም ይነበባሉ። እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ፦ አሎላክቶስን የሚሠራው ራሱ ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ ነው። ታዲያ ጂኑ ተዘግቶ ሳለ ኢንዛይሙ ከየት ይመጣል? መልሱ እገዳው ፍጹም አለመሆኑ ነው። ሪፕሬሰሩ አልፎ አልፎ ከዲኤንኤው ስለሚላቀቅ፣ ጥቂት የኢንዛይምና የፐርሚዬዝ ሞለኪውሎች ምንጊዜም በሕዋሱ ውስጥ ይገኛሉ።

ይህን አሠራር በ1961 እ.ኤ.አ. ያብራሩት በፓሪስ ፓስተር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ፍራንሷ ዣኮብና ዣክ ሞኖ ናቸው። የሪፕሬሰሩ ጂን የተበላሸባቸው ባክቴሪያዎች ላክቶስ ባይኖርም ኢንዛይሙን ያለማቋረጥ ይሠሩ ነበር፤ ጤናማ የጂኑ ቅጂ ሲጨመርላቸው ግን ቁጥጥሩ ተመለሰ። ስለዚህ ገቺው በሕዋሱ ውስጥ የሚዘዋወር ነገር መሆን ነበረበት። ሁለቱ ሊቃውንት በወቅቱ አርኤንኤ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገምተው ነበር። በ1965 ከአንድሬ ልዎፍ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኙ።

በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው ሪፕሬሰር 10 ሞለኪውል ያህል ብቻ በመሆኑ ለይቶ ማውጣቱ አስቸጋሪ ነበር። ዋልተር ጊልበርትና ቤኖ ሙለር-ሂል በ1966 ተሳካላቸው፤ ነገሩም ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዳቸው 360 አሚኖ አሲድ ካላቸው አራት ተመሳሳይ ሰንሰለቶች የተሠራ ነው።

ሁሉም ሪፕሬሰሮች ግን እንደዚህ አይሠሩም። የትሪፕቶፋን ሪፕሬሰር አካሄዱ ተቃራኒ ነው፦ ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቀው ትሪፕቶፋን ሲይዝ ነው። ባክቴሪያው ትሪፕቶፋን ከበቂ በላይ ሲኖረው ተጨማሪ መሥራቱን በዚህ መንገድ ያቆማል።