ቴርሞስታቱን መልሱለት

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ እንጅባራ ላይ መኪና ሲነሣ ያየ ሰው ነጩን ጭስ ያውቀዋል። ሾፌሩ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የማሞቂያዋ መብራት እስክትጠፋ ይጠብቃል፤ ቁልፉን ያዞራል፤ አይሱዙው ሁለት ሦስቴ አጓርቶ ይነሣል፤ ረዳቱ እጁን ለማሞቅ ወደ ጭስ ማውጫው ይጠጋል። ብርድ ነውና ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ጭስ ቢታይ አይገርምም። ድንች ጭኖ ወደ ዳንግላ የወጣው መኪና አዲስ ቅዳምን ሲያልፍም ጭሱ ካልጠራ ግን እኔ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «ቴርሞስታቱ አለ?»

«አውጥተነዋል» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሉኝም መልካም ሥራ እንደሠራ ሰው ኮራ ብለው ነው።

የቡና ስኒ አፍ የምታክለው ይህች ዕቃ ሥራዋ በአንድ መስመር ያልቃል፦ ሞተር ቀዝቃዛ ሲሆን ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ በሩን ትዘጋለች፤ ሲሞቅ ትከፍታለች። እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ በሩን የሚከፍተው ኃይል ነው። ሽቦ የላትም፣ ኤሌክትሪክ የላትም። የሚከፍተው ሰም ነው! ከታች ባለችው ትንሽ የብረት ጽዋ ውስጥ ሰም ታሽጎባታል። ሰሙ ሲቀልጥ መጠኑ በ10 በመቶና ከዚያ በላይ ያድጋል፤ መውጫ ስለሌለው መካከል ያለችውን ዘንግ ይገፋል፤ የዘንጓ ግፊት ስፕሪንጉን አሸንፎ በሩን ይከፍታል። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይረጋል፣ ስፕሪንጉም በሩን መልሶ ይዘጋል። ይህን ብልሃት ሰርጂየስ ቬርኔት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካ ውስጥ ፈለሰፈው፤ ዛሬ መርካቶ የሚሸጠውም በዚያው መንገድ ይሠራል። ጧፍ የሚሠራበት የንብ ሰም 63 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። የቴርሞስታቱ ሰም ግን በተፈለገው ሙቀት ላይ፣ ማለትም በ76፣ በ82 ወይም በ88 ዲግሪ መክፈት እንዲጀምር ተመጥኖ የተዘጋጀ ነው። ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ ስትገዙ አንብቡት።

«ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው፤ ለእኛ ምን ይሠራል?» የሚለውን ወሬ ከየጋራዡ መንቀል ብችል ደስታዬ ነበር። መጀመሪያ ነገር፣ ከ2500 ሜትር ከፍታ በላይ ያለችው እንጅባራ፣ ውርጭ የሚወርድባት የቀድሞዋ ኮሶበር፣ ብርድ የማታውቅ አገር አይደለችም። ግን ቆላስ ቢሆን? መተማ ላይ አየሩ 40 ዲግሪ ቢደርስ፣ ሞተሩ የሚፈልገው 80ና ከዚያ በላይ ነው። በምድር ላይ ለሞተር በቂ ሙቀት ያለው ቆላ የለም። ቀዝቃዛ ሞተር ናፍጣውን አጣርቶ አያቃጥልም፤ ያልተቃጠለው በፋሻው በኩል ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አያስጥልም። ከዚያ «ናፍጣ በላብኝ፣ ዘይት ጨረሰብኝ» ብሎ ፖምፓ ማስተካከል ይጀመራል። ፖምፓው ምን አደረገ?

ሌላው ክርክር «ካወጣነው ወዲህ ሙቀት ቀነሰ» የሚለው ነው። በሜዳ ላይ እውነት ይመስላል። በብዙ የጃፓን ናፍጣ ሞተሮች ላይ ያለው ቴርሞስታት ግን ሁለት በር ነው ያለው። ላይኛው ወደ ራዲያተር ይከፍታል፤ ታችኛው ሞተሩ ሲሞቅ ወርዶ፣ ውሃው ራዲያተርን ሳያይ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱን ስታወጡት ሁለቱም በሮች አብረው ይሄዳሉ፤ አቋራጩም ለዘለዓለም ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከቻግኒ ወደ እንጅባራ የሚወጣ መኪና 900 ሜትር ያህል ሽቅብ አለበት። ጭነት ይዞ በከባድ ማርሽ ሲያቃስት፣ ከውሃው ከፊሉ እንደ ፈላ ተመልሶ ሞተር ይገባል። የሙቀት መለኪያው ቀስት ይወጣል። ስለዚህ ለማቀዝቀዝ ሲባል የወጣው ዕቃ ዳገት ላይ ሞተሩን ያፈላዋል። በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ራዲያተር የለወጠ ሾፌር አግኝቻለሁ፤ ያወጣውን ቴርሞስታት በጨርቅ ጠቅልሎ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር አኑሮት ነበር። «ወንድሜ፣ መድኃኒትህን ተሸክመህ ነው የምትታመመው» አልኩት።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ፍተሻው። ሁሉም መካኒክ ያውቀዋል፦ ቴርሞስታቱን በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥሎ ማፍላት። ከተከፈተ ደኅና ነው፣ ካልተከፈተ ይጣላል። ዳንግላ ውስጥ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ቁጭ ብዬ ሳለ፣ አዲስ ባለ88 ቴርሞስታት ከድስቱ አውጥተው አዩት፤ በሩ በጥፍር ውፍረት ብቻ ነበር የተላቀቀው። «ይኸው፣ አዲስም ቢሆን የተበላሸ ነው የሚልኩልን» ብለው ወደ ቁርጥራጭ ብረቱ ሊወረውሩት ሲሉ፣ «ጋሼ፣ ይቆዩኝ» ብዬ ከእጃቸው ያዝኩት።

ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም፤ የከፍታው ነው። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባሕር ዳርቻ ከፍታ ነው፤ ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ማለቴ አይደለም፣ ምጽዋን ማለቴ ነው። ወደ ላይ ስንወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም ቶሎ ይፈላል፦ ዳንግላ ላይ 93፣ እንጅባራ ላይ ከ91 እስከ 92 ዲግሪ ገደማ። አንዴ ከፈላ ደግሞ እሳቱን የቱንም ያህል ብታቀጣጥሉት ሙቀቱ አይጨምርም። ባለ82 ቴርሞስታት 82 ላይ መክፈት ይጀምርና እስከ 95 አካባቢ ነው ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው፤ ባለ88ቱ ደግሞ 100 ገደማ ላይ። እንግዲህ ዳንግላም ሆነ እንጅባራ ላይ በክፍት ድስት ውስጥ ባለ88ቱ ሙሉ በሙሉ ሊከፈት አይችልም፤ ደኅና ስለሆነ ነው ያልተከፈተው! ትክክለኛው ፍተሻ ቴርሞሜትር ከጎኑ ማስገባትና መክፈት የጀመረበትን ዲግሪ ማየት ነው። ቁጥሩ ላይ ወይም በሁለት ዲግሪ ልዩነት ከተላቀቀ፣ ሲቀዘቅዝም ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው። አዛውንቱ ዝም ብለው ሰሙኝና «ስንቱን ጥዬ ይሆን» አሉ።

ይኸው የከፍታ ነገር የራዲያተር ክዳንንም ይመለከታል፤ ሾፌሮች ክዳን ሲጠፋ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ይወትፉበታል፣ እባካችሁ ተዉ። ክዳኑ ውሃውን በግፊት ያፍነዋል። ብዙ ጊዜ 0.9 የሚል ቁጥር ያለበት ጤነኛ ክዳን እንጅባራ ላይ መፍያውን ከ91 ወደ 113 ገደማ ያሳድገዋል። ሞተሩ በሚሠራበት ሙቀትና ውሃው በሚፈላበት ሙቀት መካከል ያለው ደጋ ላይ የሚያስፈልግ ርቀት በሙሉ እዚያች ክዳን ላይ ነው። ሞተር ትኩስ እያለ ግን አትክፈቷት፤ የተቃጠለ ፊት አይቻለሁ። በፈላ ሞተር ላይ የወንዝ ውሃ መድፋትም ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ስለ ጽዳት፦ ከራዲያተሩ የሚወርደው ውሃ ቡና መስሎ ከመጣ ዝገት ነው፤ ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ የላይኛውን ጎማ ፍቱና ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ከኩላንት ጋር የሚቀላቀለው ውሃ ደለል የሌለበት ይሁን፤ ክረምቱ በሚረዝምበት በአዊ ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ፣ የተጣራ የዝናብ ውሃ ከወንዙ በጣም ይሻላል።

ቴርሞስታቱን መልሳችሁ ስትገጥሙት ሰሙ ያለበት ጽዋ ወደ ሞተሩ ይዙር። ጠርዙ ላይ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ፒን አለች፤ ብዙዎች የተበላሸች ይመስላቸውና ይነቅሏታል። አየር ማስወጫ ናት። ወደ ላይ አድርጓት፤ ወደ ታች ከዞረች አየሩ ተቆልፎ ይቀርና ሞተሩ ባዶ ቦታ ላይ ይፈላል።

ራዲያተሩን ሁለቴ የለወጠው ሾፌር በሳምንቱ እንጅባራ ላይ አገኘኝ። ከጨርቁ ያወጣው ቴርሞስታት ዝጎ ስለነበር አዲስ ገዝቶ ገጥሟል። መጀመሪያ የነገረኝ ስለ ዳገቱ አልነበረም፤ መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ያልሠራው የጋቢና ማሞቂያ ድንገት ሞቆ ረዳቱ ጋቢውን ጥሎ መስኮት እንደከፈተ ነበር።